ሊያሳምናችሁ የሚሞክር ሰው ሙግቱ የቱ ጋ እንደሚሰበር እንዴት ታውቃላችሁ?

መጀመሪያ መደምደሚያውን ፈልጉ። ሰውየው በስተመጨረሻ ምን እንዳምንለት ነው የፈለገው ብላችሁ በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉት፣ ብዙ ጊዜ ወሬው ግማሽ ሰአት ይሆንና መደምደሚያው አምስት ቃል ነው። ከዛ ከስሩ "ምክንያቱም" ብላችሁ የሰጠውን ደርድሩ። ስድቡና ማስፈራሪያው እዛ ጋ አልገባ ካላችሁ ምክንያት ስላልሆነ ነው።

ቀጥሎ አካሄዱን ለዩ። ዲዳክቲቭ የሚባለው ከጠቅላላ ህግ ወደ አንድ ነገር ይወርዳል፣ መነሻው እውነት ከሆነና አያያዙ ልክ ከሆነ መደምደሚያው የግድ እውነት ነው። ግን እዚ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ "ከዘነበ መሬቱ ይረጥባል፣ መሬቱ ረጥቧል፣ ስለዚ ዘንቧል" ሲባል ልክ ይመስላል አይደል? ሰው ውሃ ደፍቶም ሊሆን ይችላል እኮ። ኢንዳክቲቭ ደግሞ ካየነው ተነስቶ ወደ ጠቅላላ ይሄዳል፣ ቢበዛ የሚሰጣችሁ "ሳይሆን አይቀርም" ነው። አውሮፓ ውስጥ ስዋን የሚባለው ወፍ ሁሉም ነጭ ነው ተብሎ ስንት ዘመን ተኖረ፣ በ1697 እ.ኤ.አ. የደች መርከበኞች አውስትራሊያ ላይ ጥቁሩን አዩና አለቀ። ስለዚ "ሁሉም" ሲባል ስንቱን አይተህ ነው በሉ።

አሁን ወደ ፋላሲዎቹ፣ ልክ የሚመስሉ ግን የተሰበሩ ሙግቶች ማለት ነው። እኔን በጣም የሚያናድደኝ የሰውን ሀሳብ አጣሞ ያንን መምታት ነው። አንዱ "ልጆች ስልክ ላይ የሚያጠፉትን ሰአት እንቀንስ" ይላል፣ ሌላው "ቴክኖሎጂ ይጥፋ ነው የምትለው?" ብሎ ይነሳበታል፣ ከዛ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ቴክኖሎጂ መጥፋት ሲጨቃጨቅ ይውላል የመጀመሪያው ሀሳብ ግን ማንም ሳይነካው ይቀራል። መለያው ቀላል ነው፣ ባለሀሳቡ ይሄን ቢሰማ "አዎ እንደዛ ነው ያልኩት" ይላል ወይ?

"አንተ ራስህ እያጨስክ ስለ ሲጋራ ምን አገባህ" ደግሞ ሰውየውን ነው የሚመታው፣ አጫሽ ተናገረውም አልተናገረውም ሲጋራ ሳንባ ይጎዳል። "ወይ ከኛ ጋ ነህ ወይ ጠላት ነህ" ከተባለ ሶስተኛ መንገድ ፈልጉ። "ቫይታሚን ወስጄ ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቀኝ" ላለ ደግሞ ባትወስድስ በሉት፣ ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት በአስር ቀን ራሱ ይለቃል።

ሀኪም ስለ በሽታ ያለውን መቀበል ግን በራሱ ስህተት አይደለም፣ ችግሩ ከሙያው ውጪ ላለው ነገር ስሙ ብቻ ማስረጃ ሲሆን ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ሙግቱ ተሰበረ ማለት ነገሩ ውሸት ነው ማለት አይደለም። "መሬት ክብ ናት፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው እንደዛ ይላል" ያለ ሰው ምክንያቱ አይረባም፣ መሬት ግን ክብ ናት።