ጌም ላይ ፍቅር ስንይዝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ማታ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አንድ ፎቅ ላይ ነን፣ ቀን ባጃጅ ይነዳል ማታ ሳይበርፐንክ 2077 ይጫወታል። "ጌሙ ተበላሽቷል ባክህ" አለኝ። ምን ሆነ ስለው፣ ጁዲ አልቫሬዝ የምትባለዋን ልጅ ስንት ሚሽን ሰርቶላት፣ ያለችውን ሁሉ አድርጎ፣ ውሃ ስር ሁሉ አብሯት ጠልቆ ወጥቶ፣ እሷ ግን ከጓደኝነት ንቅንቅ አላለችም። ጌሙ አልተበላሸም አልኩት። ልጅቷ የምትወደው ሴት ነው፣ አለቀ።

እና 1ኛው ስህተት ይሄ ነው፣ እምቢታን እንደ ባግ (የጌም ብልሽት) መቁጠር። እዛው ጌም ላይ ያለችው ፓናምም በተቃራኒው ሴት ካራክተር ይዘህ ብትሞክራት አትሆንም። ሰው "ሪያሊስቲክ ጌም ስጡን" እያለ ይጮህና ካራክተሩ እንደ ሰው እምቢ ሲለው ደግሞ ይናደዳል፣ እኛ ሰፈር ስንቱ ነው ስድስት ወር ማኪያቶ ጋብዞ ጋብዞ "እኔ እኮ እንደ ወንድሜ ነው የማይህ" የተባለው፣ ከዚህ በላይ ሪያሊዝም ከየት ይምጣ?

2ኛ፣ ካራክተር ስትሰሩ ዝም ብሎ ኔክስት ኔክስት ማለት። ሳይበርፐንክ ላይ ሰውነትና ድምፅ ለየብቻ ነው የሚመረጡት፣ ለፓናምና ሪቨር ለሚባለው ወንድ ሰውነቱ ብቻ ነው የሚታየው፣ ለጁዲና ኬሪ ለሚባለው ወንድ ግን ድምፁም ይቆጠራል። ድራጎን ኤጅ ኢንኩዊዚሽን የሚባለው ጌም ላይ ደግሞ ሶላስ የሚባለው ሰውዬ ሴት ኤልፍ (ጆሮው ሾል ያለ ዘር) ካልሆንሽ አይሆንልሽም። 60 ሰዓት ተጫውቶ ከማልቀስ መጀመሪያ ማየት ነው።

3ኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሁሌ የምንጨቃጨቀው እዚህ ጋ ነው። እንደ ባልደርስ ጌት 3 አይነት፣ አብረውህ ከሚጓዙት ውስጥ ፍቅር የሚጀምሩት ሁሉ ወንድም ሁን ሴት የማይመርጡበት ጌም ሲመጣ "ይሄማ ሪያሊቲ የለውም" ብሎ መዝጋት። "ዘንዶ ያለበት ጌም ላይ ምን ሪያሊቲ ታወራለህ" የሚለው መልስም ያው የስንፍና ነው፣ ዘንዶ አለ ማለት ሰዎቹ እንደ ሰው አያስቡ ማለት አይደለም። ለኔ ጥያቄው ስንት ሰው ክፍት ነው የሚለው ሳይሆን ካራክተሩ አንተ ሳትመጣም የራሱ ኑሮ ነበረው ወይ ነው። ድራጎን ኤጅ 2 (2011) ላይ አንደርስና ኢዛቤላ ሁለቱም ለወንድም ለሴትም ክፍት ናቸው። ኢዛቤላ አንተ ማንም ሁን ማን ያው ኢዛቤላ ነች፣ ያለፈ ታሪኳን ሳትደብቅ ታወራለች። አንደርስ ግን ካርል የሚባል ሰው ነበረው፣ ወንድ ሆነህ ስትጫወት ፍቅረኛዬ ነበር ይልሃል፣ ሴት ሆነሽ ስትጫወቺ ግን ያንን ነገር አያነሳውም። አንዱ ሰው ታሪኩ በተጫዋቹ ፆታ ሲለዋወጥ፣ ያኔ ነው እኔን የሚቆረቁረኝ። አንዳንዱ ተጫዋች ደግሞ አንደርስ ሰው አይቶ ነው የሚያወራው ይላል፣ እሱም ያስኬዳል፣ እዚህ አገር ማን ለማን ሁሉን ነገር ይናገራል?

4ኛ፣ ስጦታ በማብዛት ልብ ይገዛል ብሎ ማመን፣ ጥፋቱ ግን የተጫዋቹ ብቻ አይደለም ጌሞቹ ራሳቸው ናቸው ያስለመዱን። የእርሻ ጌሙ ስታርዲው ቫሊ ላይ ለአንድ ሰው በሳምንት ሁለት ስጦታ፣ ልደቱ ቀን ከሰጠኸው ደግሞ ውጤቱ 8 እጥፍ። ልብ (የቅርበት መለኪያው) 8 ሲደርስ በ200 የጌሙ ገንዘብ አበባ ትገዛለህ፣ 10 ሲሞላ ዝናብ ቀን ባህር ዳርቻ ሄደህ አንድ ሽማግሌ በ5000 ሀብል ይሸጥልሃል። እኛ ሽማግሌ እንልካለን እዛ ሽማግሌው ነጋዴ ነው ሃሃ። ለትዳር ክፍት የሆኑት 12ቱም ሰዎች ወንድም ሁን ሴት ያገቡሃል፣ ሰው ይሄኛውን ነው ሪያል አይደለም የሚለው፣ ድንች እያቀበሉ ማግባቱን ግን ማንም ምንም አላለውም።

ዊቸር 3 ላይ ትሪስንም ዬኔፈርንም፣ ሁለቱን ሴቶች አንዴ ልይዝ ያላችሁ፣ ተዉት። የምትጫወቱት ሰውዬ ጌራልት አልጋ ላይ ታስሮ ነው የሚቀረው። ደግሞ ጌራልት ከመፅሐፍ የመጣ፣ ማንነቱ ያለቀለት ሰው ነው፣ ለምን ሴት ብቻ ይወዳል ብሎ እራስህ ከሰራኸው ካራክተር ጋር ማወዳደር አይሆንም።

የራሳችሁን ጌም ልትፅፉ ለምታስቡ ደግሞ፣ አለን እንደዚህ የምንሞክር ልጆች፣ ካራክተሩ ማንን እንደሚወድ ፅፎ ጨረስኩ ማለት ትልቅ ስህተት ነው። አገራችን የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ህጉም ስለሚከለክል ብዙ ሰው እንደዚህ አይነት ካራክተር ጋ ሲደርስ ወይ ይስቃል ወይ ስኪፕ ያደርጋል፣ ኢንኩዊዚሽን ላይ የዶሪያንን ታሪክ ስኪፕ ያደረገ ግን ተሸውዷል። ዶሪያን ወንድ ነው የሚወደው፣ ቤተሰቡ ዘር እንዲቀጥል አግባ አሉት እምቢ አለ፣ አባቱ ደግሞ የደም አስማት ነውር ነው ብሎ ያሳደገው ሰውዬ በዛው አስማት ልጁን ሊቀይረው አሰበ። በኋላ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። እኔ እዛ ጋ የሰማሁት የአባትና የልጅ ነገር ነው፣ በዛ ላይ ልጁ ሽቅርቅር ነው፣ ተረበኛ ነው፣ አገሩን እየተሳደበ ይናፍቃል፣ ሴት ሆነሽ ብትጫወቺም ጥሩ ጓደኛ ይወጣዋል።

ጎረቤቴ ሴት ካራክተር ሰርቶ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ሶስተኛው ቀን ላይ ሴቭ ሳያደርግ መብራት ሄደ፣ እሱ ሌላ ስህተት ነው።