የሙቀትና የኤሌክትሪክ ጥምር ማመንጫ ሲታቀድ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው ሁለቱ የአዳማ የነፋስ ማመንጫዎች የሚሰጡት ኃይል እንደ ነፋሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን መዋዠቅ እስካሁን በአብዛኛው የሚሸፍኑት የውሃ ግድቦች ናቸው። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሰበታ፣ በገላንና በዱከም የሚገኙ ፋብሪካዎች ግን ከኤሌክትሪክ ሌላ ሙቅ ውሃና እንፋሎት ስለሚያስፈልጋቸው፣ ከአንድ ነዳጅ ሁለቱንም የሚያወጣ ጥምር ማመንጫ ቢተክሉ ሸክሙን ሊያግዙ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ስህተት የማመንጫውን መጠን በኤሌክትሪክ ቆጣሪው ብቻ መወሰን ነው። የጋዝ ሞተር ከነዳጁ 40 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ፣ 45 በመቶ ያህሉን ደግሞ ጥቅም ላይ ሊውል ወደሚችል ሙቀት ይለውጣል፤ ሙቀቱን የሚወስድ ከሌለ ከተራ ጄኔሬተር አይለይም። ስለዚህ አስቀድሞ የጨርቅ ማቅለሚያው ወይም የጠርሙስ ማጠቢያው በየትኛው ሰዓት ምን ያህል ሙቅ ውሃ እንደሚወስድ ለሳምንታት መመዝገብ ያስፈልጋል። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እንፋሎት የሚገኘው ከጭሱ ሙቀት ብቻ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስህተት ሞተሩን ያለ ሙቅ ውሃ ማጠራቀሚያ መትከል ነው። ማጠራቀሚያ ከሌለ ሞተሩ የሚነሳውና የሚቆመው ማቅለሚያው ሙቅ ውሃ በጠየቀ ሰዓት ነው፤ ነፋሱ በርትቶ ኃይል በተትረፈረፈበት ሰዓት ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ምሽት ላይ ከተማው ሁሉ ምድጃውን ሲያበራ ደግሞ ሙቀቱን የሚቀበለው ስለማይኖር ዝም ብሎ ይቆማል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ50 ወደ 85 ዲግሪ ሲሞቅ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይይዛል። 1 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሞተር ምሽት ላይ በአምስት ሰዓታት ሥራ የሚለቀውን 5,500 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት እስከ ጠዋቱ ፈረቃ ለማቆየት ታዲያ 140 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ታንከር ይበቃል። (ክዳኑ ክፍት በሆነ ታንከር ከ85 ዲግሪ ብዙ ማለፍ አይቻልም፤ በእኛ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላልና።) በዴንማርክ ብዙ ጥምር ማመንጫዎች እንዲህ ያለ ታንከር አላቸው፤ ነፋስ ሲበዛ ሞተሩ ይቆምና ውሃው በኤሌክትሪክ ቦይለር ይሞቃል።

ዴንማርክን እንዳለ መቅዳት ግን ሌላ ስህተት ነው። እዚያ ሙቀቱ በቧንቧ ወደ መኖሪያ ቤቶች ይሄዳል፤ እዚህ ግን ቤት በሙቅ ውሃ ቧንቧ የማሞቅ ልማድ ስለሌለ ደንበኛው ፋብሪካው ራሱ ወይም ጎረቤቱ ብቻ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የተመረቀውን የረጲ የቆሻሻ ማመንጫ ለዚህ ሥራ አብነት አድርገው የሚጠቅሱም አሉ። ረጲ ግን የተሠራው ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ነው፤ ቆሻሻው በየቀኑ ስለሚመጣም ምድጃው ሳያቋርጥ ቢነድ ይመረጣል። ትልቅ የእንፋሎት ቦይለር ቀዝቅዞ እንደገና እስኪነሳ ሰዓታት ይወስዳል፤ የጋዝ ሞተር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል።

የነዳጁን ወቅት አለማየትም ያስከፍላል። እንደ ወንጂ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች ከተጨመቀው አገዳ የሚቀረውን ገለባ አንድደው እንፋሎትም ኤሌክትሪክም ያገኛሉ፤ በክረምት ግን አገዳ መፍጨት ያቆማሉ። ግድቦቹ የሚሞሉት በዚያው ወቅት ስለሆነ ለስኳር ፋብሪካዎቹ ነገሩ ይገጥማል፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግን አይሆንም።

ከፍታውም አለ። ሰበታና ሱሉልታ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ፣ ሻጩ የሚያሳየው አቅም ለባሕር ወለል የተሰላ መሆን አለመሆኑ በውሉ ላይ ሊጻፍ ይገባል።

ማመንጫውን ለመብራት መጥፋት እንደሚገዛ ተራ ጄኔሬተር ቆጥሮ ከዋናው መስመር ጋር ማያያዝ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። መስመሩ ሲቋረጥ ሞተሩ ወዲያው ራሱን ካልነጠለ፣ ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ ኃይል የሌለው መስሎት ኃይል ያለበትን ሽቦ ይነካል። ስለዚህ የመለያያው መሣሪያ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መስመሩን ከሚያስተዳድረው ተቋም ባለሙያዎች ጋር መፈተሽ አለበት።