ቀጥ ያለ መስመርን ከሳይን ሞገዶች እንዴት እንሠራለን?

ቀጥ ያለ መስመር ከተጠማዘዙ ሞገዶች ይሠራል፣ ያውም አሪፍ ሆኖ። ዶት ፕሮዳክትንና ኢንቴግራልን ካስታወሳችሁ ይበቃል። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

መስመራችን ፈ(ቀ) = ቀ ነው፤ ክልሉ ከ−ፓይ እስከ ፓይ። የምንጠጋው በትሪጎኖሜትሪክ ፖሊኖሚያል ነው። ይህም ቋሚ ቁጥርን፣ ሳይን(ቀ)ን፣ ኮሳይን(ቀ)ን፣ ሳይን(2ቀ)ን፣ ኮሳይን(2ቀ)ን እያልን እያንዳንዱን በሆነ ቁጥር አባዝተን የምናገኘው ድምር ነው። ሥራችን እነዚያን ቁጥሮች መፈለግ ነው።

ደረጃ 1፦ ፋንክሽንን እንደ ቬክተር ማየት

በዶት ፕሮዳክት ጊዜ አቻ ለአቻ አባዝተን እንደምራለን። እዚህም ያው ነው። ሁለቱን ፋንክሽኖች በየነጥቡ እናባዛለን፣ መደመሩን ኢንቴግራሉ ይሠራልናል። ውጤቱ ኢነር ፕሮዳክት ይባላል። እሱ ካለ ርዝመትም ማዕዘንም አለ። አንድ ፋንክሽን ከራሱ ጋር ያለው ኢነር ፕሮዳክት የርዝመቱ ስኩዌር ነው። የሁለት ፋንክሽኖች ኢነር ፕሮዳክት 0 ከመጣ ደግሞ ሁለቱ በ90 ዲግሪ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ማዕዘኑን ማረጋገጥ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት፤ የነገሩ ሁሉ ጉልበት እዚህ ነው። ሳይን(ቀ) × ሳይን(2ቀ) = ½[ኮሳይን(ቀ) − ኮሳይን(3ቀ)]። ሁለቱም ኮሳይኖች በክልላችን ሙሉ ዙር ስለሚዞሩ ከላይና ከታች ተጣፍተው ኢንቴግራሉ 0 ይሆናል። ሌሎቹም ጥንዶች እንዲሁ ናቸው። ሳይን(ቀ) ከራሱ ጋር ሲሆን ግን ፓይ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ጥላውን መለካት

መስመራችን በእያንዳንዱ ሞገድ ላይ ጥላ ይጥላል እንበል። የጥላው ቁጥር የመስመሩና የሞገዱ ኢነር ፕሮዳክት ለሞገዱ ርዝመት ስኩዌር ተካፍሎ ነው። ሞገዶቹ እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ስለሆኑ አንዱን ስንለካ ሌላው አይነካብንም። በ1፣ በቀ፣ በቀ² ብንሠራ ኖሮ አዲስ አባል በጨመርን ቁጥር የቀድሞዎቹ ሊቀየሩ ይችሉ ነበር። እዚህ የተገኘ ቁጥር እንደተገኘ ይቀራል። ለእኔ የዚህ ዘዴ ትልቁ ውበት ይኼ ነው።

ደረጃ 4፦ ማስላት

ኮሳይኖቹና ቋሚው ቁጥር ወዲያው 0 ይሆናሉ፤ መስመሩ ግራና ቀኙ ተቃራኒ ምልክት አለው፣ እነሱ ግን ተመሳሳይ ናቸው። የቀ·ሳይን(ቀ) ኢንቴግራል −ቀ·ኮሳይን(ቀ) + ሳይን(ቀ) ነው። ፓይን ስናስገባ ፓይ፣ −ፓይን ስናስገባ −ፓይ ይሰጣል፤ ልዩነቱ 2ፓይ። ለፓይ ስናካፍል 2። በዚሁ መንገድ ቀጣዮቹ −1 እና ⅔ ይሆናሉ።

ቀ ≈ 2ሳይን(ቀ) − ሳይን(2ቀ) + ⅔ሳይን(3ቀ)

ደረጃ 5፦ መፈተሽ

ቀ = 1 ላይ አንድ አባል ብቻ 1.68 ይሰጣል፣ ሁለት 0.77፣ ሦስት 0.87። ጫፉ ላይ፣ ቀ = ፓይ ሲሆን፣ ድምሩ ሁልጊዜ 0 ነው፤ የፈለጋችሁትን ያህል አባል ብትጨምሩም ፓይ አይደርስም። አትደናገጡ። ኢነር ፕሮዳክት ዋስትና የሚሰጠው ለጠቅላላው የስህተት ስኩዌር እንጂ ለእያንዳንዱ ነጥብ አይደለም። ጠቅላላውን በፓይታጎረስ እንየው። የመስመሩ ርዝመት ስኩዌር 2ፓይ³/3፣ ማለትም 20.67 ገደማ ነው። የእያንዳንዱ ጥላ ርዝመት ስኩዌር የቁጥሩ ስኩዌር በሞገዱ ርዝመት ስኩዌር፣ በፓይ፣ ተባዝቶ ነው፤ ስለዚህ የሦስቱ ድምር ፓይ × (4 + 1 + 4/9)፣ ወደ 17.10 ነው። የቀረን ስህተት 3.57 ገደማ ነው። አባል ስንጨምር እየቀነሰ ወደ 0 ይሄዳል።

እንግዲህ አባላቱን ሁሉ ብንደምር 2ፓይ³/3 = 4ፓይ × (1 + 1/4 + 1/9 + 1/16 + …) ይሆናል። ሁለቱንም ወገን ለ4ፓይ አካፍሉ። በቅንፉ ውስጥ ያለው ድምር ፓይ²/6 ነው፤ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1735 በሌላ መንገድ ይፋ ያደረገው ዝነኛ ውጤት።