«ቦርደም» ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ቦርደም» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል መሰልቸት ማለት ናት፤ በከተማው አፍ መደበር። ቶሎ ትለመዳለች፤ ስህተቷም አብሮ ይለመዳል።

ዋናው ስህተት «አይ አም ቦሪንግ» ማለት ነው። ተናጋሪው «ደብሮኛል» ሊል ፈልጎ «እኔ ደባሪ ነኝ» ብሎ በራሱ ላይ ይመሰክራል። የሚደብረው ነገር «ቦሪንግ» ነው፤ የደበረው ሰው ደግሞ «ቦርድ»። ፊልሙ ቦሪንግ፣ ተመልካቹ ቦርድ። ግራ ከገባችሁ መጀመሪያ በአማርኛ በሉት። «ደባሪ» የሚል ከመጣላችሁ ቦሪንግ፣ «ደበረኝ» ከመጣላችሁ ቦርድ። «ኢንተረስቲንግ» እና «ኢንተረስትድ»ም በዚሁ ሕግ ነው የሚሄዱት።

«ቦርደም» የሚለውን ቃል እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ፈጠረው የሚሉም ብዙ ናቸው። ዲክንስ እ.ኤ.አ. ከ1852 እስከ 1853 በክፍል በክፍል ባሳተመው «ብሊክ ሃውስ» ልቦለዱ ተጠቅሞበታል እንጂ ቃሉ ከዚያ በፊትም ታትሞ ይገኛል። ግሡ «ቦር» (ማሰልቸት) ደግሞ ይበልጥ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1768 የካርላይሉ ኧርል የተባለው እንግሊዛዊ ባላባት በጻፈው ደብዳቤ፣ በዚሁ ግሥ፣ ፈረንሳዮች ሊያሰለቿቸው ላሉ ወዳጆቹ ሲያዝንላቸው እናነባለን።

«ቦር» በትራፓኖ መብሳት ማለትም ስለሆነ፣ አሰልቺ ሰው ጆሮ ስለሚበሳ ነው የሚል ማብራሪያ ትሰሙ ይሆናል። ደስ ይላል፤ ግን የተረጋገጠ አይደለም። የቃሉ ምንጭ እስካሁን ያከራክራል። እንደ እርግጥ አታስተምሩት።

ቃሉ አዲስ ስለሆነ ስሜቱም አዲስ ነው ማለት ግን ትልቅ ስህተት ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ ስሜቱን በግሪክኛ «አኬዲያ» ብሎ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። መነኩሴው በዓቱ ውስጥ ተቀምጧል። ፀሐይዋ የቆመች ይመስለዋል፤ ቀኑ 50 ሰዓት ይሆንበታል። በመስኮት ያያል፣ ይወጣል፣ ፀሐይዋን እያየ ዘጠኝ ሰዓት ስንት እንደቀረው ይለካል። የሚበላው በዘጠኝ ነበርና! ጾም አጥብቆ የጾመ ሰው ይህን ሲያነብ አስረጂ አያስፈልገውም። ኤቫግሪየስ ይህን ፈተና «የቀትር ጋኔን» ይለዋል። በመዝሙረ ዳዊት 90፣ በሌላው አቆጣጠር 91 ላይ የምናነበው ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ይቺን በተለይ። «ድብርት» በአማርኛ ሁለት ነገር ይሸከማል፤ የሰፈሩን መደበርና ሐኪሞች የሚያክሙትን ሕመም። ሕመሙ በእንግሊዝኛ «ዲፕረሽን» ነው። ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ አስጠልቶት ክሊኒክ የሄደ ሰው «አይ አም ቦርድ» ካለ፣ ሐኪሙ የሚሰማው «ሥራ ፈትቻለሁ፣ ሰዓቱ አልሄድ አለኝ» የሚል ነው። ቃሉ ከጠፋባችሁ እንቅልፉንና ምግቡን ራሱን ንገሩት፤ ወይም አስተርጓሚ ጠይቁ።