በጎጃም የቤተ እስራኤልን ታሪክ ከሽማግሌዎች አንደበት እንዴት መመዝገብ ይቻላል?

የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ ነገር ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ጎንደርን፣ ስሜንንና ወገራን ነው። ከጣና በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በአቸፈር በኩል የኖሩት ግን እምብዛም አይነሡም። ስለዚህ በጎጃም ይህን ታሪክ መመዝገብ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ሊይዘው የሚችለው ምንጭ የጎረቤቶቻቸው ልጆችና የልጅ ልጆች ትዝታ ነው።

ጥያቄውን ከሃይማኖት ሳይሆን ከሙያ ይጀምሩ። «ማረሻና ማጭድ ማን ይሠራላችሁ ነበር? እንስራውና ምጣዱስ ከማን ይገዛ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሰፈሩን ቦታ፣ የገበያውን ቀንና የክፍያውን ዓይነት ሳይቀር ይሰማል። ወንዶቹ በቀጥቃጭነትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ መተዳደራቸው ከርስት መነፈጋቸው ጋር የተያያዘ ነው፤ ትውፊቱ ይህን ወደ ዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ወደ 15ኛው መቶ ዓመት ይመልሰዋል። ሽማግሌው ቦታውን ካሳዩዎት ወንዝ ዳር መሆኑን ያስተውሉ፤ የመንጻት ሥርዓታቸው ውኃ አጠገብ መስፈርን ይጠይቅ ነበርና። ይሁን እንጂ ብረት የቀጠቀጠ ሁሉ ቤተ እስራኤል አይደለም፤ በጣና ዳር በታንኳ የሚታወቁት ወይጦዎችም ሌላ ሕዝብ ናቸው።

በጨዋታው መካከል «ቡዳ» የሚለው ስድብ መምጣቱ አይቀርም። ተናጋሪውን አያቋርጡ፤ ቃሉን እንዳለ ይመዝግቡ፤ በራስዎ ጽሑፍ ግን ቤተ እስራኤል ይበሉ። በእኔ አስተያየት ይህን ስድብ ከመዝገቡ መፋቅ ማኅበረሰቡ የደረሰበትን መገለል መደበቅ ነው።

ዓመተ ምሕረት አይጠይቁ። ይልቁንም ነገሩ ከክፉ ቀን (1880–1884) በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ በጣሊያን ጊዜ ነው ወይስ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሰሞን እያሉ ያጥብቡት። ታቦተ ጽዮን በጣና ቂርቆስ ዘመናት አሳልፋለች የሚለውን ትውፊት ሲሰሙ በትውፊትነቱ ይጻፉት እንጂ የማኅበረሰቡን ዕድሜ ማስረጃ አያድርጉት።

የውስጡን ሕይወት ግን ጎረቤት በሚገባ አያውቀውም። ሰንበት ዓርብ ሳይመሽ እንዴት ይዘጋጅ ነበር? እሳት ሳይነድ ምን ይበላ ነበር? ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ጊዜ የሚቀመጡባት የመርገም ጎጆ የት ነበረች? ቄሱ ኦሪትን በግእዝ አንብበው ለሕዝቡ የሚተረጉሙት መቼ ነበር? ከአስተስርዮ (ከኃጢአት ማስተስረያው ቀን) 50 ቀን በኋላ ለሚውለው የስግድ በዓል ሰው ሁሉ የሚወጣው የትኛው ተራራ ላይ ነበር? እነዚህን ሊመልሱ የሚችሉት አብዛኞቹ ዛሬ በእስራኤል ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ በ1977 በሱዳን በኩል፣ ሌሎቹም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በተጓጓዘበት ዘመቻ ሰሎሞን የሄዱ ናቸው። በስልክ ሲያነጋግሯቸው የጎጃሙን ጎረቤት ቃል አስቀድመው አይንገሯቸው፤ ሁለቱ ቃሎች ለየብቻ ተቀድተው ኋላ ሲነጻጸሩ ነው የሚጠቅሙት። የተለያዩበትንም ለማስታረቅ አይሞክሩ፤ ጎን ለጎን ያስፍሩት።

ከመቅዳትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፤ የተናጋሪው ስም ይገለጥ ወይስ ይቆይ የሚለውን ለራሳቸው ይተዉ፤ የድምፁንም አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይስጡ።