ተናድደው ሳለ ሠራተኛን እንዴት ማረም ይቻላል?

ጣና ዳር ዓሳ ቤት ነበረኝ። አንድ እሁድ ከዘጌ የተመለሱ እንግዶች ሁለት ጀልባ ሙሉ ሆነው ገቡ። ለብለቡ ቶሎ ወጣ፣ ጥብሱ ግን ዘገየ። ሰው ፊት አስተናጋጁ ላይ ጮህኩበት። «እሺ» አለኝ። ሽርጡን አጥፎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። ለካ ዘይት አልቆ ልጁ በራሱ ብር ሊገዛ ሮጦ ኖሯል።

ፒተር ሳሎቬይ እና ጆን ማየር የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 «የስሜት ብልህነት» ብለው ያብራሩት ነገር አለ። የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ ማወቅ፣ ያወቁትንም ለሐሳብና ለተግባር መጠቀም ነው። እኔ የገባኝ ግን ዘይቱ ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሰውነታችሁን አዳምጡ። እኔ ስናደድ ጆሮዬ ይግላል፣ ድምፄ ይቀጥናል። ያኔ ስሜቱን በስሙ ጥሩት። ያን ቀን ንዴት የመሰለኝ ፍርሃት ነበር፤ እንግዶቹ ተነሥተው እንዳይሄዱ ፈርቼ ነው። ስሙን ካወቃችሁት ትንሽ ይበርዳል። ሂሳብ የምታዩ መስላችሁ ወደ ጓዳ ግቡ። የፈላ ዘይት ሊደፋ ከሆነ ግን ጩኹ፣ ስሜቱ በኋላ ይደርሳል።

ቀጥሎ ለብቻ ጠርታችሁ ጠይቁ። «ለምን ዘገየህ?» ክስ ነው። «ምን ገጠመህ?» ግን ጥያቄ ነው።

አሁን ዋናው መጣ፦ «እሺ»ን ማንበብ። እኛ ጋ ይሉኝታ አለ፤ አለቃን «ተሳስተሃል» የሚል ብዙ የለም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እሺ፣ እሺ» የሚል ሰው «በቃ ተወኝ» እያለ ነው። «እሺ፣ ግን ዘይቱ...» ካለ ደግሞ ሊያስረዳችሁ ጀምሯል፤ እንዳታቋርጡት። ባዶ «እሺ» ከሰማችሁ «አንተ ብትሆን ነገ እንዴት ታደርገዋለህ?» በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል። እኔ እንኳ ስንት ጊዜ ራሴ መልሼዋለሁ፤ እናንተ ቻሉት።

ከዚያ ጥፋቱን በልኩ ተናገሩ። «ጥብሱ ዘገየ፣ እንግዳውም አልተነገረውም» ይበቃል። «ሰነፍ ነህ» ሲባል ሰውዬው ሥራውን ትቶ ስሙን መከላከል ይጀምራል። አይቶ እንዳላየ ማለፍ ደግሞ ደግነት አይደለም፤ በሰዓቱ የሚገቡት ሠራተኞች ያያሉ፣ ያኮርፋሉ።

ያጠፋችሁት እናንተ ከሆናችሁስ? ሰው ፊት ከጮኻችሁ ይቅርታውንም ሰው ፊት ጠይቁ። ሰው ፊት ተሰድቦ ጓዳ ውስጥ ይቅርታ አይሆንም።

እኔም ልጁን አፈላልጌ አገኘሁት። ሌላ ቤት ተቀጥሯል። አዳዲስ ባልደረቦቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፣ የዘይቱንም ብር ሰጠሁት። አልተመለሰም። በሳምንቱ ግን ሥራ ይፈልግ የነበረ ታናሽ ወንድሙን ላከልኝ።