ለጊታር ነት ቅልጥም አትጣሉ

ክፍት ክር ስትመቱ ዝዝ የሚለው ድምፅ ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት አግዳሚ የብረት ዘንጎች አንዱን) ስትይዙ ከጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የነቱ ነው፤ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባት ባለቦይ ቁራጭ። ርካሽ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነች ቦይዋ ቶሎ ይበላል። በአጥንት ልትተኳት ትችላላችሁ፤ እዚህ ድሬዳዋ ደግሞ የግመልም የበሬም ቅልጥም ሞልቷል (መቅኒውን መጀመሪያ ብሉት)። ወፍራሙን ጎን ቁረጡ፤ ስቡ እስኪለቅ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ጥቂት ቀን ዘፍዝፉ፤ ጥላ ላይ አድርቁ፣ የድሬ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። አጥንት ጠንካራ ስለሆነ ክሩ ቶሎ አይበላውም፣ ድምፁም ጥርት ይላል። ስትሞርዱ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ አቧራው መጥፎ ነው። ትሬሞሎ (ድምፁን ለማወዛወዝ ክሮቹን የሚያላላና የሚያጠብቅ ዘንግ) የምታበዙ ከሆነ ክሩ ሊያዝ ስለሚችል ቦዩ ውስጥ ከእርሳስ የተፋቀ ጥቁር ዱቄት ጨምሩ፤ ካልሆነ ከአጥንት ይልቅ የግራፋይት ነት ይሻላል። ክር የሚቆልፍ የብረት ነት ላለው ጊታር ግን አይሆንም።